የአይጦቹ ፋሲካ

ሙንተሃ መጠበቅ አትወድም። ሊፍት ከዘገየባት በደረጃ ትሮጣለች፤ ሩዝ ሳይበስል ክዳኑን እየከፈተች ታማስለዋለች። እናቷ ፋጡሜ «ይቺ ልጅ በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው፤ ያኔም ቸኩላ ነበር» ትላለች፣ በእንግዳ ፊት ሳይቀር። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመረጠችው ሥራ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የተኛ አይጥ እስኪነቃ መጠበቅ።

ሥራው የሚሠራው ከአቡ ዳቢ ራቅ ባለችው አል ዐይን ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለ መስኮት አልባ ቤት ውስጥ ነው። ውጭው አርባ ሁለት ዲግሪ ሲነድ እዚያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሃያ ሁለት ነው፤ አይጦቹ ከብዙ ሰው የተሻለ ኤሲ አላቸው። ስልሳ ናቸው። ሠላሳው የጥቂት ወር ጎረምሳ፣ ሠላሳው ሁለት ዓመት ያለፋቸው፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ለአይጥ ጡረታ ነው። ከጎረምሶቹም ከሽማግሌዎቹም ግማሾቹ ፕሮቲን ያልጎደለው መኖ ይበላሉ፤ ለቀሩት የሚሰጣቸው ሆድ የሚሞላ፣ ፕሮቲኑ ግን እጅግ ያነሰ ነው። ስምንት ሳምንት እንዲህ ከከረሙ በኋላ እያንዳንዱ በክብደቱ ልክ የሚያስተኛ መርፌ ይወጋል። ይተኛል። ሙንተሃ በጀርባው ታንጋልለውና ሰዓት ትይዝበታለች፤ ነቅቶ፣ ራሱን ገልብጦ፣ በአራት እግሩ እስኪቆም።

መድኃኒቱን ከደም የሚያጠራው ጉበት ነው። ጉበት ወፍጮ ነው እንበል፤ የዚህ ወፍጮ ጥርሶች ግን ራሳቸው ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ፕሮቲን ሲያጣ ይዶለዱማል፤ ሲያረጅም ይዶለዱማል፤ መድኃኒቱ ሳይፈጭ ይቆያል፤ አይጡም ያንቀላፋል። ይህን ከሙንተሃ በፊት ብዙ ሰው አውቆታል። እሷ ማወቅ የፈለገችው እርጅናና የምግብ ጉድለት አንድ ገላ ላይ ሲገናኙ ይደመራሉ ወይስ ይባዛሉ የሚለውን ነበር። ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ሙሳፋህ ውስጥ መጋዘን የሚጠብቅ፣ በሻይና በዳቦ የሚያድር ሽማግሌ የሚታዘዝለት ኪኒን ሥጋ ከጠገበ ጎረምሳ ኪኒን እኩል ነው። ጎረምሳው ተኝቶ ይነሣል፤ ሽማግሌው ግን በማግሥቱም ራሱ ሲዞርበት ይውላል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅለት የለም።

አይጦቹን የምታበላው፣ የምትመዝነውና ጉዝጓዛቸውን የምትቀይረው ወርቅነሽ ናት። የላስታ ሰው ናት። አል ሻምኻ ውስጥ አንድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ፣ የማዳሟን አምስት ልጆች አሳድጋ፣ «ኸላስ፣ ከእንግዲህ መልስ የሚመልስ ፍጥረት አላሳድግም» ብላ በጽዳት ድርጅት በኩል ወደ እንስሳት ቤቱ የገባች። ሙንተሃ መጀመሪያ ላይ አንቱ ስትላት ተቆጥታ ነበር። «እትዬ በይኝ እሺ፤ አንቱን ግን ተዪው። ገና ሃምሳ ሁለቴ ነው።»

«ፕሮቲኑ ያነሰው»፣ «ፕሮቲኑ የተሟላው» እያሉ በቀን ስልሳ ጊዜ መጥራት ለሙንተሃ ምላስ ረዘመ። ወሩ ረመዳን ነበር፤ እሷ ጾመኛ ናት። ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተከታትለው ነው የገቡት፤ ወርቅነሽም ጾመኛ ናት። ስሙ ራሱ መጣ።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ባለ ሰማያዊ መስመሩ ከረጢት የጾም፣ ባለ ቀዩ የፍስክ። ይሄ መደርደሪያ ጾመኛ፣ ያ ፍስከኛ። ኸላስ?»

«ኸላስ» አለች ወርቅነሽ። ዞር ዞር ብላ ክፍሉን ተመለከተችና «ታዲያ እዚህ ቤት የማይጾሙት ሠላሳ አይጦች ብቻ ናቸዋ!» አለች።

በስድስተኛው ሳምንት ሙንተሃ ከየወገኑ ሦስት ሦስት አይጥ ወስዳ ለሙከራ ያህል ወጋች። ፍስከኛ ጎረምሳ በሃያ ደቂቃ ነቃ፤ ፍስከኛ ሽማግሌ በሠላሳ አምስት። ጾመኛ ጎረምሳ አርባ ደቂቃ ተኛ። ጾመኛ ሽማግሌ አንድ ሰዓት ተኩል! ሙንተሃ ቁጥሩን ስታይ ብቻዋን ጨፈረች። ይባዛሉ። ጥቂት አይጥ ላይ የታየ ነገር ገና ማስረጃ አይባልም፤ የቀሩት ሲጨመሩበት ግን ያልቃል። ለዶክትሬት ትምህርት ያለው አንድ ቦታ ነው፤ አቡ ዳቢ ላይ የሚሰበሰብ ኮሚቴ ውጤቷን አይቶ ሊሰጣት ወይም ሊነሣት ቀን ቆርጧል፤ ሐሙስ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ይህ ዓመት ካመለጣት ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ከዚያ በፊት በደም ውስጥ የቀረ መድኃኒት የሚለካውን ማሽን መማር ነበረባት፤ ሥልጠናው አቡ ዳቢ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

«አሥራ ስድስት ቀን ነው እትዬ ወርቅነሽ። አደራ። ክብደታቸውን በየጊዜው መዝግቢልኝ።»

«አታስቢ።»

«መልካም ፋሲካ!» አለች ሙንተሃ በሩን እየዘጋች።

አቡ ዳቢ፣ አል ዋሕዳ አጠገብ ካለው የወላጆቿ ቤት በየቀኑ ትደውል ነበር። «ሁሉ ደህና?» ትላለች። «ሁሉ ደህና፣ ይመስገነው» ትላለች ወርቅነሽ። አሥራ ስድስቱን ቀን ወሬያቸው ከዚህ አላለፈም፤ ሙንተሃ ስልክም ሲረዝም አትወድም።

ተመልሳ በማግሥቱ ሥራ ጀመረች። ማክሰኞ ነበር፤ ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሁለት ቀን ቀርቶታል። መጀመሪያ የወጋችው አንድ ጾመኛ ጎረምሳ ነበር። አርባ ደቂቃ ይተኛል ብላ ላፕቶፗን ከፈተች። ገና ገጹ ሳይመጣላት አይጡ እግሩን አወራጨ፤ በሃያ አንድ ደቂቃ ተገልብጦ ቆመ፤ ጢሙን ጠረገ።

«ነቃ» አለች ወርቅነሽ ደስ ብሏት።

«ተሳስቷል።»

«ማን?»

«አይጡ!»

ሁለተኛው በሃያ ሦስት ነቃ። ሦስተኛው በሃያ። ሽማግሌዎቹ ጾመኞች አንድ ሰዓት ተኩል መተኛት ሲገባቸው በአንድ ሰዓት ተነሡ። እስከ ምሳ ድረስ ሙንተሃ አሥራ ሁለት አይጥ ወግታ አንዱም እንደ ተጠበቀው አልተኛላትም። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ አዲስ ጠርሙስ ከፈተች፤ ያው ነው። ሚዛኑን ፈተሸች፤ ልክ ነው። ቁጥራቸውን ከየጆሯቸው አነበበች፤ ማንም ከማንም አልተደባለቀም። ከዚያ አንዱን ጾመኛ ጎረምሳ አንሥታ በመዳፏ ስትይዘው እጇ ቀድሟት ገባው። አይጡ ወፍራም ነበር። ጉንጩ ሁሉ።

ወደ መኖ ክፍሉ ሮጠች። የጾሙ ከረጢት ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። የፍስኩ ተሟጦ ሌላ ተከፍቷል።

ወርቅነሽ ከምሳ ስትመለስ ልጅቱን ሁለት ከረጢት መሃል መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»

«ሰማያዊው ለምን አላለቀም?»

«የቱ?»

«የጾሙ!»

«እህ፤ እሱማ፣ ፋሲካ ሆነ አይደል?»

«እና?»

«እና ምን? ፈሰኩ።»

«ማን ፈሰከ?»

«ጾመኞቹ ናቸዋ። ሌላ ማን አለ?» ወርቅነሽ ጓንቷን አጥልቃ እንደ ቀላል ነገር ማስረዳት ጀመረች። «በፋሲካ ቀን በዶሮ ፈስኬ፣ ሰውነቴ ሞቆ፣ ከሰዓት ተረኛ ነኝ ብዬ መጣሁ። ያኛው መደርደሪያ እንደ ልማዱ ይበላል። እነዚህ ደግሞ ያንን ነጭ አቧራ ፊታቸው አድርገው ያዩኛል። ሁለት ወር ሊሞላው ምን ቀረው፣ እነሱ ሲጾሙ? እኔ ጠግቤ ቆሜ እነሱ በፋሲካ ጾም ይዋሉ?»

«እትዬ ወርቅነሽ፣ አይጥ ናቸው እኮ!»

«አይጥ መሆናቸውን አንቺ ልትነግሪኝ? ኩሳቸውን የምጠርገው እኔ። ክርስቲያን ናቸው መች ወጣኝ? ጾሙን ያስያዝሻቸው ግን አንቺ ነሽ። ያስጾመ ያስፈስካል። እሱ ከሌለ ቤት ጠባቂው ያስፈስካል። ይኸው ነው።»

«እሺ! አንድ ቀን! ለአንድ ቀን አስፈስከሽ ሰኞ አትመልሻቸውም ነበር?»

እዚህ ላይ ወርቅነሽ ከልቧ ደነገጠች። «በሃምሳው ውስጥ?»

ሙንተሃ ራሷን ያዘች። የወላጆቿ አገር ሐይቅ ከተማ ነው፤ እዚያ እስላሙም ክርስቲያኑም የጎረቤቱን ጾም ከራሱ እኩል ያውቃል፤ እናቷም አቡ ዳቢ ድረስ ይዛው መጥታለች። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም ሙንተሃ ታውቃለች። ወርቅነሽን ከራሷ ሃይማኖት አንጻር የምታስተባብልበት ቀዳዳ አልነበረም። ከሳይንስ አንጻር ደግሞ ወርቅነሽ አትሰማትም።

«በየቀኑ ስደውል ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ሁሉ ደህና ነው ወይ አልሽኝ። ደህና ነው አልኩሽ። ደህና ያልነበሩት ከዚያ በፊት ነው።»

«ኦ ማይ ጋድ።»

«ደግሞ ጽፌልሻለሁ። መዝገቡ አለልሽ፣ አታነቢም እንጂ።»

እውነቷን ነው። መዝገቡ በአማርኛ ነበር፣ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ሙንተሃ አማርኛውን እንደ ልቧ ትናገረዋለች፤ አቡ ዳቢ ተወልዳ ስላደገች ማንበቡ ላይ ግን የሁለተኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ስለዚህ ትንሽ ቆይቼ አየዋለሁ እያለች አልፋው ነበር። አሁን ከረጢቱ ላይ ተደግፋ በጣቷ እየተከተለች ፊደሉን ለቀመችው።

«ሚያዝያ 12። ዛሬ ፋሲካ። ጾመኞቹ በሙሉ ፈሰኩ። ቀዩን ሰጠኋቸው። ጎረምሶቹ ተሻሙ። ሽማግሌዎቹ አሸተቱና ተኙ።»

ከሥሩ የሠላሳው አይጥ ክብደት ተደርድሯል፤ አንድም አልተዘለለም። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም። ሙንተሃ «በየጊዜው» ብላት ነበር፤ ወርቅነሽ ግን «በየቀኑ» ብላ ነው የተረጎመችው።

«ሚያዝያ 17። ጎረምሶቹ ወፈሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሽማግሌዎቹ ያው ናቸው።»

«ሚያዝያ 23። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ገና ክብደት መጨመር ጀመሩ። 41 ቁጥር እጄን ነከሰኝ። ጤና ነው።»

ሙንተሃ ማንበቧን አቆመች። የጠዋቱን ወረቀት አጠገቡ ዘረጋችው። ጎረምሶቹ ከአርባ ደቂቃ ወደ ሃያ አንድ ወርደዋል፤ ጭራሽ ያልጾሙትን አክለዋል። ሽማግሌዎቹ ከዘጠና ወደ ስልሳ ወርደዋል፤ የእኩዮቻቸውን ሠላሳ አምስት ለመድረስ ገና መንገድ ላይ ናቸው። አንድ መኖ፣ በአንድ ቀን የተጀመረ፣ አሥራ ስድስት ቀን የተበላ። የጎረምሳው ወፍጮ ጥርሱን አብቅሎ ጨርሷል፤ የሽማግሌው ገና ያበቅላል። ቀስ እያለ፤ ግን ያበቅላል።

ይህ ግን እሷ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ አልነበረም። ለእሷ ጥያቄ ስምንት ሳምንት የጾሙ አይጦች ያስፈልጓት ነበር፤ የእሷ ጾመኞች ደግሞ ሆዳቸውን ሞልተው ጎናቸው ላይ ተጋድመዋል።

የነበራት ምርጫ ሦስት ነው። የሙከራዎቹን ጥቂት አይጦች ብቻ አቅርቦ ስለ ቀሩት ዝም ማለት፤ የመኖውን ነገር ደብቆ «ጾሙ ብዙም አይጎዳም» ብሎ መዋሸት፤ ወይም የሆነውን እንደ ሆነ ተናግሮ ቦታውን ማጣት። ሙንተሃ ሦስቱን ለማሰብ አራት ደቂቃ ወሰደባት። ጻድቅ ሆና አይደለም። ውሸት ሥራ ያበዛል፤ አንዱን ለመጠበቅ ሌላ፣ እሱን ለመጠበቅ ሌላ፤ ያን ሁሉ የሚሠራበት ትዕግሥት እሷ ዘንድ የለም።

«እነግራቸዋለሁ» አለች። «ግን እትዬ ወርቅነሽ፣ አንቺን የሚቆጣ ሊኖር ይችላል። ስምሽን ልተወው?»

«ለምን ትተዪዋለሽ? በስውር መች ሠራሁት? ጻፍኩት እኮ፤ ከነቀኑ።»

አማካሪዋ ዶክተር ዘሂራ የካርቱም ሰው ናት፤ ፈገግታዋን ያየ ተማሪ የለም ይባላል። ሙንተሃ ደወለችላትና በአንድ ትንፋሽ «ዶክተር፣ አይጦቼ ፋሲካን አክብረው ጾማቸውን ፈቱ» አለቻት። ሙንተሃ ከዳር እስከ ዳር አብራራችላት። ከዚያ የማታውቀው ድምፅ ሰማች፤ ዶክተር ዘሂራ ትስቃለች። ሳቁ አላቆም ሲላት ስልኩን ዘጋችው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሳ ደወለች፤ ድምጿ ወደ ቦታው ተመልሷል።

«ሐሙስ ራስሽ ትናገሪያለሽ። የሠራተኛዋን ነገር ለእኔ ተዪው፤ የእንስሳት ቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ መዝገቡን ያላነበብሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ግን ስሚኝ ሙንተሃ፤ ኮሚቴው ባዶ እጅሽን ከመለሰሽ የዘንድሮውን ቦታ ላድንልሽ አልችልም።»

ረቡዕን ሙሉ የቀሩትን አይጦች ወጋች፣ ጠበቀች፣ ጻፈች። ቁጥሩ ያው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወርቅነሽ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ቀድማ ተገኘች፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ መዝገቡን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?»

«መዝገቡ የኔ ነው። የኔን እጅ ጽሑፍ ካለ እኔ ማን ያነብልሻል? አንቺማ እያነከስሽ ነው የምታነቢው።»

ከአል ዐይን አቡ ዳቢ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ሙንተሃ መንገዱን ሙሉ ላፕቶፗ ላይ ተጎንብሳ የግራፍ ሥዕሎቿን ስትገለባብጥ ወርቅነሽ ከቦርሳዋ የተቀቀለ እንቁላል አውጥታ መላጥ ጀመረች። ሾፌሩ በመስተዋቱ አይቷት «መብላት ክልክል ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ሃምሳው ነው በይው» አለች ወርቅነሽ።

«እኔ አልለውም።»

«እንግዲያው ቶሎ ዋጪው፣ ሁለተኛውን ሳያይ» ብላ አፏ ውስጥ ከተተችላት። ሙንተሃ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር። እንቁላሉን አላምጣ ስትውጥ ፕሮቲን ነው ብላ አሰበችና ሳቋ መጣ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሁለቱ ጎልማሶች ናቸው፤ ሦስተኛው ፕሮፌሰር አብዱረሂም፣ ሰባ ያለፋቸው፣ ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው የሚቀመጡ፣ ተማሪ ሁሉ የሚፈራቸው ሰው ናቸው። ወርቅነሽ ውጭ ወንበር ላይ ቀረች። ሙንተሃ ገብታ ነገሩን በስድስት ደቂቃ ተናገረችው። ምን እንዳሰበች፣ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳደረገው፣ መዝገቡን ሳታነብ መቅረቷን። አላስዋበችውም፤ ይቅርታም አላበዛችም።

ከጎልማሶቹ አንዱ አቋረጣት። «ማለት፣ ሙከራሽ ተበላሽቷል።»

«የመጀመሪያው ጥያቄዬ አልተመለሰም» አለች። «ሌላ ነገር ግን ታይቷል» ብላ የጎረምሶቹንና የሽማግሌዎቹን መስመር አሳየቻቸው።

ፕሮፌሰር አብዱረሂም ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። «ሽማግሌዎቹ በስንተኛው ቀን ነው ማገገም የጀመሩት?» አሉ።

«ክብደታቸው በአሥራ አንደኛው ቀን። ጉበታቸው መቼ እንደ ጀመረ አላውቅም፤ የለካሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

«ሁሉም በአንድ ቀን ጨመሩ? ምግቡን አልቀበል ያለ ነበር? ተራ በተራ ነው ወይስ አብረው?»

ሙንተሃ አላወቀችም። ማን እንደሚያውቅ ግን ታውቃለች። ፈቃድ እንኳ ሳትጠይቅ በሩን ከፍታ «እትዬ ወርቅነሽ፣ ነይ» አለች።

ወርቅነሽ ገባች። ከላይ እስከ ታች የሚያያትን ሁሉ መልሳ አየችው። አረብኛዋን የተማረችው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አል ሻምኻ፣ ልጆች ስታሯሩጥና ለቤቱ ሽማግሌ መድኃኒታቸውን ስትሰጥ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚነገረውን ዓይነት አረብኛ አታውቅም፤ ማወቅ እንዳለባትም አልታያትም።

«ሹፍ፣ ባባ» አለቻቸው ፕሮፌሰሩን፤ እይ እንግዲህ ማለቷ ነው። ሙንተሃ ዐይኗን ጨፈነች። «ወጣቶቹ እንደ ሰጠኋቸው በሉ። በአምስተኛው ቀን ሆድ አወጡ። ሽማግሌዎቹ አይደሉም። አምስቱን ቀን ቀማምሰው ነው የሚተዉት፤ ጥርሳቸውም ደክሟል። በውሃ አራስኩላቸው፤ ያኔ በሉ። ቀድሞ የወፈረ 41 ቁጥር ነው፤ መጨረሻ 52፤ በመሃላቸው አራት ቀን አለ። ይኸው፣ ሁሉም ተጽፏል።»

«በውሃ አራስሽላቸው?» አለች ሙንተሃ በአማርኛ። «እሱን ደግሞ መች ነገርሽኝ?»

«አሥራ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። እያነከስሽ ስታነቢ ዘለልሽው።»

ፕሮፌሰሩ መዝገቡን ተቀብለው ገለጡት። ፊደሉን አያውቁትም፤ የቁጥሩን ሰልፍ ግን በእርሳስ ጫፍ ተከተሉት፤ በየቀኑ፣ ሠላሳ አይጥ፣ አንድም ባዶ ቦታ የለም። «ይህን የመሰለ መዝገብ» አሉ ወደ ባልደረቦቻቸው ዞረው፣ «ከዶክትሬት ተማሪዎቼ ለምኜ አላገኘሁም።» ከዚያ ከዘራቸውን አነሡ። «እኔ ባለፈው ክረምት ታምሜ ሦስት ሳምንት ሾርባ ብቻ ጠጣሁ። ዳግም መብላት ስጀምር ሐኪሙ ወዲያው የድሮውን ኪኒን በድሮው መጠን መለሰልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ተኛሁ! ሚስቴ የሞትኩ መስሏት ለልጆቼ ደወለች።»

ጎልማሶቹ መሳቅ ይገባቸው እንደሆነ አላወቁም። ወርቅነሽ አውቃለች፤ ከት ብላ ሳቀች። ፕሮፌሰሩም ተከተሏት፤ ያኔ ሁሉም ሳቀ።

ውጭ ሃያ ደቂቃ ጠበቁ። ሙንተሃ ኮሪደሩን አሥራ አራት ጊዜ ተመላለሰችበት። ወርቅነሽ «ተቀመጪ፣ ወለሉ አለቀ» አለቻት፤ አልተቀመጠችም።

ሲጠሯት ፕሮፌሰር አብዱረሂም ቆመው ነበር። «ያመጣሽው መልስ አይደለም» አሉ። ሙንተሃ ወደ በሩ ዞረች። «ከመጣሽበት ጥያቄ የበለጠ ጥያቄ ነው። የተጎዳ ጉበት ሲመገብ መቼ ይድናል፣ በእርጅናስ ምን ያህል ይዘገያል? ይህን ያየሽው በአጋጣሚ ነው፤ በአጋጣሚ የታየ ነገር ደግሞ ታስቦበት እስኪደገም ወሬ ነው። አዲስ አይጦች። ስምንት ሳምንት ታስጾሚያቸዋለሽ፤ ከዚያ እኛ በምናውቀው ቀን ታስፈስኪያቸዋለሽ፤ በየአምስት ቀኑ ትለኪያለሽ። ቦታው የአንቺ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመትሽ ሥራ ይኸው ይሆናል።»

«ከመጀመሪያው?» አለች ሙንተሃ። «ስልሳውንም?»

«መቶ ሃያ። ቅሬታ አለሽ?»

«የለኝም» አለች ፈጥና፤ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ።

«አንድ ነገር ደግሞ» አሉ። «መዝገቡን የምትይዘው እሷው ናት።»

አል ዋሕዳ አውቶቡስ ጣቢያ እስኪደርሱ ሙንተሃ ደስታና ንዴት እየተፈራረቁባት ሄደች። ቦታውን አግኝታለች፤ ቦታውን አግኝታለች! በዚያ ላይ መቶ ሃያ አይጥ ተቀምጣ እስኪነቃ ልትጠብቅ ነው። ወርቅነሽን መንገድ መሃል አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፤ ወዲያው ለቀቀቻትና ስልኳን አወጣች።

«ዛሬውኑ ነው የማዘው። ጎረምሶቹ ቶሎ ይገኛሉ። እሑድ ጎረምሶቹን ጾም አስገባለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ይደርሳሉ።»

«የቱን እሑድ?»

«የፊታችንን።»

ወርቅነሽ ቆመች። ሰው እየገፋት ያልፋል፤ አልተነቃነቀችም። «በሃምሳው ውስጥ እኔ ጾም አላስገባም።»

«እትዬ ወርቅነሽ!»

«ሰው ቅጠሪ እንግዲያው። ፕሮፌሰሩ ግን እኔን ነው ያሉት።»

«አንድ ወር ልጠብቅ ነው የምትዪኝ?»

«ጰራቅሊጦስ እሑድ ነው። በማግሥቱ ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል። እኔም እጀምራለሁ፣ እነሱም ይጀምራሉ። ጎረምሳው ከሽማግሌው ጋር፣ በአንድ ቀን። ጾም ሲያብሩት ነው የሚቀለው።»

ሙንተሃ ልትከራከር ነበር። ከዚያ አሰበችው። ሁለት ዓመት የሞላቸው አይጦች እዚህ አይገኙም፤ ከውጭ ነው የሚመጡት፤ ፈቃዱ፣ ማቆያው፣ ምርመራው ሲደመር ከአንድ ወር አያንስም። ጎረምሶቹን ለብቻቸው ብታስቀድም ደግሞ ሁለቱን ወገን ማወዳደር አትችልም፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። ችኮላዋ ሊያሠራት የነበረውን ስህተት ወርቅነሽ በጾም ሕግ ያዘችባት። የሚያናድደው፣ ትክክል መሆኗ ነው።

ለዶክተር ዘሂራ ደወለች። «ዶክተር፣ ቦታውን ሰጡኝ። ሁሉም ሰኔ ሁለት፣ ማለቴ ሰኞ፣ ጁን ዘጠኝ፣ አንድ ላይ ይጀምራሉ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ግን አንቺ አንድ ወር ልትጠብቂ? ቀኑን ማን መረጠው?»

«የእንስሳት ቤቱ ሰው ወስናለች» አለች ሙንተሃ፤ ወርቅነሽ ቀድማ ሄዳ አውቶቡሱ ላይ በመስኮት በኩል ቦታ ይዛላት እጇን እያወዛወዘች ስትጠራት ወደዚያው ሮጠች።